ጽድን ከጽድ መለየት

«ከሁለቱ የኛው የትኛው ነው?»

መሪያችን ይህን የጠየቁን መንገድ ዳር ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ዛፎች ሥር አቁመውን ነው። ሁለቱም ቀጥ ብለው ያደጉ፣ ሁለቱም ጥቁር አረንጓዴ፣ የሁለቱም ቅርፊት ቡናማና ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ። ቀና ብለን አየን፤ ዞረን አየን። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የግራውን ጠቆመ፤ አብራው የመጣችው የክፍል ጓደኛው የቀኙን። የደብራቸው ሰበካ ጉባኤ አባል እንደሆኑ የነገሩን ጎልማሳ ግን ጥያቄው ራሱ ገረማቸው፤ «ሁለቱም ጽድ አይደሉም እንዴ?» አሉ።

መሪያችን መልስ አልሰጡም። ጎንበስ ብለው ከአንደኛው ዛፍ ሥር ፍሬ አነሡ፤ የሌላኛውን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ስበው ሌላ ፍሬ ቀነጠሱና በሁለት መዳፋቸው ዘረጉልን። በግራ መዳፋቸው ያለው ደረቅ፣ ድቡልቡልና እንጨትነት ያለው ነው፤ ጠንካራ ክፍሎቹ ተለያይተው ዘሩን አፍስሷል። በቀኝ መዳፋቸው ያለው ከአተር ብዙም አይበልጥም፤ መልኩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ስስ አመድማ ሽፋን አለው፣ በጣት ሲጫኑት ይፈርጣል። ደርቆ የሚከፈተው የፈረንጅ ጽድ ነው፤ ትውልዱ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ። የሚፈርጠው የሐበሻ ጽድ ነው። በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ይመደቡ እንጂ ወገናቸው ለየቅል ነው።

«ቅርፊቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ» አሉ መሪያችን፤ «ፍሬ ከላይ ካጣችሁ መሬቱን እዩ። ዛፍ ከሥሩ ማስረጃ ሳይጥል አይውልም።»

የቆምንበት መናገሻ ሱባ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ጫፉ ከ3300 ሜትር በላይ በሚወጣው በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ደን። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ የተራቆተውን ተራራ አይተው፣ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉበት ተብሎ ይተረካል። ትረካው እውነት ከሆነ በመንግሥት ትእዛዝ ደን መትከል በአገራችን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ከዚያም በላይ ትእዛዙን የተቀበሉት ሰዎች የትኛውን ዘር ከየት እንደሚለቅሙ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኔን ወደዚህ ጉዞ የሳበኝ ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሌሊት የጣለው ውርጭ ከሜዳው ሣር ላይ ገና አልለቀቀም፤ የሰው ትንፋሽ ይታያል። አገር በቀል ዛፎችን ለመማር ይህን ወቅት የመረጡት መሪያችን ናቸው። በክረምት የሱባ መንገድ ጭቃ ነው፣ ጉሙም ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳይም። በዚያ ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ስለሆነ ለጀማሪ ዓይን ደኑ አንድ ግድግዳ ይሆንበታል። በበጋ ግን ዛፎቹ ይለያያሉ። አንዳንዱ ቅጠሉን ያረግፋል፣ አንዳንዱ መልኩን ይለውጣል፣ አንዳንዱ እንዳለ ይቆያል። አበባ በብዛት ስለማይኖርም ሰው በቅርፊት፣ በቅርንጫፍ አወጣጥ፣ በቅጠል ጀርባና በሽታ መለየት ግድ ይሆንበታል። አበባ ጊዜውን ጠብቆ የሚሄድ ምልክት ነው፤ ቅርፊት ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ዛፍ ያየነው ደኑ ከመግባታችን በፊት ነበር፤ ከገበሬዎች አጥር ላይ። ኮርች ነው። አንዲት ቅጠል አልያዘም፣ ባዶ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ግን ደማቅ ቀይ አበባ አውጥቷል። ቅጠሉን አራግፎ በባዶ እንጨት ላይ የሚያብብ ዛፍ በደጋው ብዙ ስለማናይ ኮርችን በበጋ የሚስት የለም፤ በክረምት ቅጠል ሲለብስ ነው የሚረሳው። ይህ በደጋው አጥር ላይ የምናየው ኮርች በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው። ገበሬው ቅርንጫፉን ቆርጦ መሬት ውስጥ ሲተክለው ሥር ሰድዶ ሕያው አጥር ይሆንለታል፤ ለዚህም ነው ደኑ ከሸሸ በኋላም ከሰፈሩ ያልጠፋው።

ከደኑ በር አልፈን ትንሽ እንደሄድን ብሳና አገኘን። ብሳና እንደ ኮርች ራቁቱን አይቀርም፤ ሰፋፊ ቅጠሎቹ በያሉበት አንድ አንድ እየሆኑ ወደ ብርቱካንማ ይለወጡና ይወድቃሉ። ስለዚህ በአረንጓዴው መካከል የተበታተነ ብርቱካንማ ካያችሁ፣ ገና መቶ ሜትር ርቃችሁ ብሳና ማለት ትችላላችሁ። መሪያችን ከሩቅ መጀመርን አጥብቀው ያስተምራሉ። ሰው ፊቱ ሳይታይ በአረማመዱ እንደሚታወቅ፣ ዛፍም ቅጠሉ ሳይታይ በቁመናው ይታወቃል፤ ግራሩ በተዘረጋ ጠፍጣፋ አናቱ፣ ጽዱ በቀጥታነቱ፣ ያረጀ ወይራ በተጣመመና ብዙ ጊዜ ሆዱ በተቦረቦረ ግንዱ።

የወይራ ጭስ

ወይራው ጋ ስንደርስ አስተማሪው ተቀየረ።

አብረውን ከልጅ ልጃቸው ጋር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ቡልጋ ተወልደው ያደጉ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው። እስከዚያ ድረስ ከኋላ ሆነው በዝምታ ነበር የሚከተሉን። መሪያችን ወይራውን ከማስተዋወቃቸው በፊት እኚህ እናት እጃቸውን ዘርግተው አንድ ዘለላ ቅጠል ያዙና ገለበጡት። «ይኸው፣ ፊቱ ጥቁር ነው፣ ጀርባው ብር ነው» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎ ይንገሯቸውማ፤ እኔ እረፍት ላድርግ» አሉ መሪያችን።

እማማ ነገሩን። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ የጠላ ጋን በወይራ ይታጠናል፤ መፋቂያው ወይራ ነው፤ ሞፈሩና የመጥረቢያው እጀታ ከወይራ ሲሆን ይጠነክራል። እንጨቱ ሲነድ ጭሱ ዓይን እንደማይቆጠቁጥ፣ ፍሙ ቶሎ እንደማይከስም፣ በጽድ የታጠነ ዕቃ ሽታ ከወይራው እንዴት እንደሚለይ እየቆጠሩ አስረዱን። «በጨለማ ብታመጡልኝ በጭሱ እነግራችኋለሁ» አሉ። ተማሪዋ ማስታወሻዋን አውጥታ የሚሉትን ሁሉ ጻፈች።

መሪያችን በዚያ ላይ የጨመሩት ነገር አለ። የወይራ ቅጠሎች ከቅርንጫፉ የሚወጡት ሁለት ሁለት ሆነው፣ ፊት ለፊት ተጣምረው ነው። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ምልክት ነው፤ በደጋው ደን አብዛኞቹ ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያወጡት አንዱን በዚህ፣ ቀጣዩን በዚያ እያፈራረቁ ስለሆነ፣ ጥንድ ቅጠል ካገኛችሁ የምትመርጡት ከጥቂት ዛፎች መካከል ብቻ ይሆናል። ደግሞም የኛ ወይራ በሜዲትራንያን ዙሪያ ዘይት የሚጨመቅበት ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዕፅዋት አጥኚዎች ሁለቱን የአንድ ዝርያ ንዑሳን አድርገው ነው የሚመድቧቸው። የኛው ፍሬ ትንሽና ሥጋው ስስ ስለሆነ ሰው ለዘይት አይፈልገውም፤ ወፍ ግን ይወደዋል፣ የሚዘራውም ወፍ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። እማማ የያዙት ዕውቀት ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ በየቀኑ ከዛፉ ጋር ከመሥራት የመጣ ነው። ያ ሥራ ሲቀር ዕውቀቱም አብሮ ቀረ። የቀረበትን መንገድ ለማወቅ ደግሞ ከተማችንን ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው እንጨት በጥቂት ዓመታት አለቀ፤ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። ባለውለታነቱን የሚክድ ፍርደ ገምድል ነው። ነገር ግን ማገዶውም፣ ማገሩም፣ አጣናውም፣ የግንባታ መወጣጫውም ከአንድ ዛፍ መምጣት ሲጀምር፣ ወይራን ከጽድ፣ ጽድን ከዝግባ መለየት ለዕለት ኑሮ የማያስፈልግ ነገር ሆነ። እንጦጦን እያየ ያደገ የከተማ ልጅ ደን ሲባል የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም። ግን መታረም ያለበት ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የማናውቀውን ዛፍ ዘሩን አንለቅምም፣ ዘሩን ያልለቀምነውን ዛፍ ደግሞ አንተክልም።

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደኑ ይጠቁራል። ጉሬዛዎች ከአናታችን በላይ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ዘለሉ፤ አንዴም ጥቁር ድኩላ መንገዱን አቋርጦ ጠፋ። መሪያችን የምኒልክ ድኩላ እንደሚባል ነግረውን አለፍን፤ ያን ቀን የመጣነው ለዛፍ ነው።

ጥቁር እንጨት ሲገኝ ግን ረጅም ጊዜ ቆመናል። ስሙን ያገኘው ከቅርፊቱ ይመስላል፤ ጥቁር ቡናማ፣ ሻካራና በትናንሽ ቁራጭ የተሰነጣጠቀ ነው። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ሆኖ አንገቱ ቀላ ይላል። ዋናው መለያ ግን ሽታው ነው። መሪያችን አንድ ቅጠል ጨፍልቀው እያንዳንዳችንን አስሸተቱን። የኮክ አስኳል ሲሰበር የሚወጣው ሽታ ነው፤ ምክንያቱም ጥቁር እንጨትና ኮክ ዘመዳሞች ናቸው። ሽታው የሚመጣው ግን መርዛማ ንጥረ ነገር ከሚያመነጭ ውሕድ ስለሆነ ቅጠሉን ማሽተት እንጂ ማኘክ አይገባም። ተማሪው ወደ አፉ ሊያስጠጋ ሲል እማማ እጁን መታ አደረጉት።

ይህ ዛፍ በዓለም ገበያ ስም አለው። ከቅርፊቱ የሚወጣው ንጥረ ነገር በአውሮፓ ለሽማግሌዎች የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ መድኃኒት ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ሲሸጥ ቆይቷል። ለዚህ ሲባል በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዛፍ ቅርፊቱ ዙሪያውን እየተገፈፈ ቆሞ ደርቋል። በመጨረሻም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ዛፉ በዓለም አቀፉ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ንግዱ ቁጥጥር ተደረገበት። ዛፍ ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ የሚሞተው፣ ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ስለሆነ ነው። መሪያችን ይህን ሲያስረዱ በግንዱ ዙሪያ ጣታቸውን አዞሩ፤ «ይህችን መስመር የቆረጠ ዛፉን ቆረጠ» አሉ።

እናት ዛፍ ፍለጋ

ዝግባው ከጽዱ ዝቅ ባለው የተራራው ክፍል ይበዛል። ግንዱ ግዙፍ ነው፤ ቅርፊቱ ግራጫማ ሆኖ በስስ ቁራጭ ይረግፋል። ቅጠሉ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ነው። ተማሪዋ መርፌ ቅጠል መሆኑን ተጠራጥራ «ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ከጽድ ጋር ይቆጠራል?» ብላ ጠየቀች። ሁለቱም አበባ አያብቡም፣ ዘራቸውንም በእውነተኛ ፍሬ ውስጥ አይሸፍኑም፤ በዚህ አንድ ናቸው። ከዚያ ውጪ ግን ቅጠላቸውም ዘራቸውም አይገናኝም። የዝግባ ዘር ድቡልቡልና ትልቅ ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ሲበስል ወደ ቢጫ ይሄዳል።

እዚህ ዛፍ ሥር ነው የጉዞው ትልቁ ትምህርት የተሰጠን። «ይህ ዝግባ ዘር የለውም» አሉ መሪያችን፤ «ለምን ይመስላችኋል?» ጊዜው አልደረሰም ይሆናል፣ ጦጣ በልቶት ይሆናል፣ ዛፉ አርጅቶ ይሆናል ተባለ። መልሱ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ዛፉ ወንድ ነው።

ዝግባ ወንድና ሴት አለው። ጽድም አለው። ኮሶም አለው። የደጋ ደናችን ምሰሶ ከሆኑት ዛፎች መካከል ሦስቱ ወንድና ሴታቸው በተለያየ ግንድ ላይ የሚበቅሉ ናቸው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ዘር የሌለው ዛፍ ሥር ቆሞ ዓመት ከዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ሴቷ ጽድ ያንን ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ትይዛለች። ወንዱ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ከስንዴ ቅንጣት የማይተልቁ ቢጫማ ነገሮችን ያወጣል፤ ሲደርሱ ዱቄታቸውን ነፋስ ይወስደዋል። ጽድንም ዝግባንም የሚያራባቸው ንብ ሳይሆን ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ሴቷ ከወንዱ እጅግ ከራቀች ዘሯ ባዶ ይሆናል።

ይህ የሚለውጠው ብዙ ነው። በአንድ ተራራ ላይ የቀሩት ጽዶች ጥቂት ከሆኑ፣ ከነዚያ መካከል የተቆረጡት ሴቶቹ ከሆኑ፣ ደኑ ለዓይን ቆሞ እያለ መራባቱን አቁሟል ማለት ነው። ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ የተቆረጠው ተቆረጠ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ብዙ ቦታ አገር በቀል ዛፍ የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ የአንድ ሰፊ አካባቢ የዘር ምንጭ በአንድ ቅጥር ውስጥ የቆሙ ጥቂት እናት ዛፎች ሊሆኑ ይችላሉ። የሰበካ ጉባኤው አባል ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ለአዲስ አዳራሽ ሲባል ከቅጥራቸው ሊቆረጥ የታሰበ ጽድ አለ። «ፍሬ ይዟል?» አሏቸው መሪያችን። ማስታወስ አልቻሉም። «እንግዲያው ሳይቆረጥ ሄደው ይዩ።»

ሴትነቷን ማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ዘሯን ማብቀል ሌላ ሥራ ነው። የጽድ ፍሬ ተለቅሞ፣ ሥጋው ታጥቦ፣ ዘሩ ከተዘራ በኋላም ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። የዝግባ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ለመብቀል ወራት ይፈጅበታል። የወይራም አጥንቱ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ወይም ካልተላጠ ችግኙ ይዘገያል። የጥቁር እንጨት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዘሩ መድረቅና መከማቸት አይወድም፣ ቶሎ ካልተዘራ ሕይወቱን ያጣል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ የሚነገረው የችግኝ ብዛት ነው። እኔ ደግሞ ቁጥሩ ሲነገር አብሮ እንዲነገር የምፈልገው አለ፤ ችግኙ የምን ዛፍ ነው? ዘሩ የተለቀመው ከየትኛው ደን፣ ከስንት እናት ዛፍ ነው? ይህን መመለስ የሚችለው ዛፉን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ኮሶው ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። አየሩ ሲሳሳና እርምጃችን ሲከብድ ቀይ ቡናማ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠል ወፍራም ግንድ ታየን። ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስበው ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም በአንድ ዘንግ ላይ በግራና በቀኝ የተደረደሩ፣ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ያለው ብዙ ቅጠሎች ያሉት ነው። በትልልቆቹ መካከል ትናንሾች ገብተዋል። ወጣት ቅርንጫፉን የረገፉ ቅጠሎች ጠባሳ ቀለበት ቀለበት እያደረገ ይከበዋል፤ ቅጠልና አበባ ባይኖር እንኳ በዚህ ብቻ ይለያል።

ኮሶ የሚያብበው በበጋ ስለሆነ ወንድና ሴቱን ለማየት ታኅሣሥ ምቹ ነው። የሴቷ አበባ ዘለላ ቀላ ያለና ድርብርብ ነው፤ የወንዱ ነጣ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ሳሳ ይላል። አባቶቻችን ቁርጥ በልተው ለሚመጣባቸው የኮሶ ትል የሚጠጡት የሴቷን አበባ ነበር። እማማ ገና በልጅነታቸው ሲጠጡ ምሬቱ እንዴት እንደነበር ነገሩን፤ መጠኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ እንደሚያዘጋጀውም አጥብቀው ተናገሩ፤ እውነታቸውን ነው፣ ሲበዛ ሰው ይጎዳል። በተክል አመዳደብ ኮሶ ብቸኛ ነው፤ በወገኑ ውስጥ ሌላ ወንድም ዝርያ የለውም። በቤተሰብ ግን ከጽጌረዳ ይቆጠራል፤ ያ ማለት ታች ያየነው ጥቁር እንጨት፣ መንገድ ዳር ልብሳችንን የያዘው ቀጋና ይህ ኮሶ ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው።

ከኮሶው በላይ አምጃና አስታ ይጀምራሉ። አምጃው ጥንድ ጥንድ ቅጠልና ትልልቅ ቢጫ አበባ አለው። አስታው ቅጠሉ ከጥቂት ሚሊሜትር ስለማይረዝም በማጉያ መነጽር ካልሆነ አወጣጡ አይታይም። ከሜዲትራንያን ዳርቻ ጀምሮ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የሚዘልቅ ዛፍ ነው። ነፋሱ ስለበረታብን እዚያ ብዙም አልቆየንም።

ስሙ የሚጻፍበት ቦታ

ስንወርድ ተማሪው አንድ ጥያቄ አነሣ፤ በመንገድ ላይ ስሙን ለማወቅ ያልቻልነው ዛፍ ቢያጋጥመን ማን ይወስንልናል? ለዚህ አገራችን መልስ አላት፤ ብዙ ሰው ባያውቀውም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ከየክፍለ ሀገሩ ተለቅመው፣ ደርቀውና ተጭነው በወረቀት ላይ የተለጠፉ ናሙናዎችን ይይዛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የተሠራውም በዚህ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ነው። ስምንት ቅጾች አሉት፤ ወደ 6000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን ይዘረዝራል፣ ከነዚያ ውስጥ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው። ከሥራው መሪዎች አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለመምህሩ፣ ለግብርና ባለሙያው፣ ለሰበካ ጉባኤው የሚሆን፣ ከነሥዕሉ በየቋንቋችን የተዘጋጀ የኪስ መለያ መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ እንዲኖር እመኛለሁ። መሪያችን እያንዳንዱን ዛፍ ሲያስተዋውቁ በአማርኛና በኦሮምኛ ሁለት ስም ይሰጡን ነበር፤ ጽድ ጋቲራ፣ ዝግባ ቢርቢርሳ፣ ወይራ ኤጄርሳ፣ ጥቁር እንጨት ሆሚ፣ ኮሶ ሄጦ። የመለያ መጽሐፍ ሲታሰብ እንዲህ ያለ ነው።

ከደኑ ጠርዝ የችግኝ ጣቢያ አለ። እዚያ ስንደርስ ትልቁን ዛፍ ለይተን የመጣን ሰዎች እንደገና ተማሪ ሆንን፤ ችግኝ ወላጁን አይመስልም። የጽድ ሕፃን ቅጠሉ ሹል መርፌ ነው፤ ትልቁ ዛፍ ላይ የምናየው ቅርንጫፉን የሚያለብሰው ደቃቅ ቅጠል የሚመጣው ካደገ በኋላ ነው። ዝግባው ገና ከመነሻው ቅጠሉ ረጅም ስለሆነ ይቀላል። ወይራው ጥንድ ቅጠሉን ያሳያል፤ እማማ አንዱን ገልብጠው ጀርባውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

የጣቢያው ሠራተኛ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። የሰበካ ጉባኤው አባል ለቅጥራቸው ምን ምን እንደሚወስዱ ጠየቋት።

«ቦታው ምን ዓይነት ነው፣ አባቴ? ዛፍ አለበት ወይስ ገላጣ ነው?»

«ከፊሉ ባሕር ዛፍ ነበረ፣ ተቆርጧል። ከፊሉ ጥላ ነው።»

«እንግዲያው ጽዱንና ወይራውን ከገላጣው፣ ፀሐይ ከሚያገኝበት ያድርጉት። ዝግባው በልጅነቱ ጥላ ይችላል፣ እሱን ከዛፎቹ ሥር ይትከሉት። የባሕር ዛፉ ጉቶ ማቆጥቆጡ ስለማይቀር በየጊዜው ይመልመሉት፤ አለበለዚያ ውሃውን ይሻማቸዋል። ፍየል ይገባል?»

«አጥሩ ፈርሷል።»

«መጀመሪያ አጥሩን ይሥሩ። ችግኙን ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲጠና ይምጡና ይውሰዱ፤ አሁን በበጋ አልሰጥዎትም።»

ሰውየው ስልካቸውን አውጥተው ሰኔ ላይ ማስታወሻ ያዙ።